ሲዜድ 75 ቢ ወይስ ፒ-01? ለቤት ጥበቃ ሴፍቲ ያለው ይሻላል ወይስ ዲኮከር ያለው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታውንሃውስ ውስጥ ነው። ባለቤቴና ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱ 9 ዓመቱ፣ ትንሿ 4። ሁላችንም ግሪን ካርድ አለን። ባለፈው ወር ሌሊት የጎረቤታችንን በር ሰብረው ገቡ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት እንቅልፍ የለም። አገር ቤት ፖሊስ ነበርኩ፣ ማካሮቭ ሽጉጥ ታጥቄ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ለቤት ብቻ የሚሆን አንድ ሽጉጥ ልገዛ ነው። ሁለት ወድጃለሁ። አንዱ ሲዜድ 75 ቢ ነው፣ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ አለው። ሌላው ሲዜድ ፒ-01 ነው፣ ዲኮከር (የተሳበ መዶሻን ሳይተኩስ የሚያወርድ ቁልፍ) ብቻ ነው ያለው። ባለቤቴ ልጆች ስላሉ ሴፍቲ ያለው ይሁን ትላለች። አንተ ብትሆን የቱን ትገዛለህ?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ፒ-01ን ግዛ። እዚህ አካባቢ ተኩስ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፣ አንተ ባለህበት ሁኔታ ላለ ሰው ከሁለቱ እሱን ነው የምመርጠው። ግን ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት ባለቤትህ ላነሳችው ነገር መልስ መስጠት አለብኝ። ከሽጉጡ ምርጫ የሚከብደው የእሷ ጥያቄ ነው።

ሴፍቲ የልጅ መቆለፊያ አይደለም። በአውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ ቁልፍ ናት፣ ያውም አንተ በጨለማ በቀላሉ እንድታገኛት ተብላ የተሠራች። የ9 ዓመት ልጅ ሁለት ደቂቃ ከነካካት ይገባዋል። የ4 ዓመቷ ደግሞ ጣቷ ባይጠነክርም ሽጉጡን ወደ ራሷ አዙራ በሁለት አውራ ጣቷ ምላጩን ልትገፋ ትችላለች። ትንንሽ ልጆች ኃይል ሲያጥራቸው እንደዚያ ነው የሚይዙት፣ አፈሙዙ ደግሞ የሚዞረው ወደ ደረታቸው ነው። ይህን ስጽፍልህ ሆዴ ይረበሻል፣ ግን ልታውቀው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉትን በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን አልፎ አንደኛ ሆነ። ቁጥሩ ግድያንም ራስን ማጥፋትንም ይጨምራል፣ አንድ ቤት ውስጥ ያለ ሽጉጥ ግን ለሁሉም በር ይከፍታል።

ስለዚህ ልጆችህን የሚጠብቅልህ ሴፍቲም ዲኮከርም አይደለም። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ነው። በቁጥር ወይም በጣት አሻራ በቶሎ የሚከፈት፣ ከግድግዳ ወይም ከአልጋው ብረት ጋር በብሎን የታሰረ። ትራስ ስር አይሆንም። ፍራሽ ስር አይሆንም። ቁም ሳጥን አናት ላይ በጋቢ ተጠቅልሎም አይሆንም። አገር ቤት እንደዚያ ያስቀመጡ ብዙ ሰዎችን አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ደግሞ የኛን ቤት አስበው። ለፋሲካ ወይም ለልደት ሰው ሲጠራ የእንግዳው ኮትና ቦርሳ የሚቆለለው የት ነው? መኝታ ቤት፣ አልጋ ላይ። ትልልቆቹ ሳሎን ቡና ሲጠጡ 7 እና 8 ልጅ የሚሯሯጠው የት ነው? እዚያው መኝታ ቤት። ልጆችህን «እንዳትነኩ» ብለህ ብታስተምራቸው እንኳ የእንግዳውን ልጅ አላስተማርክም። ባለቤትህ ስለ ልጆቹ መፍራቷ ልክ ነው። ያንን ፍርሃት ሴፍቲ ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ላይ አውጡት። ገንዘብ ካጠረህ ርካሽ ሽጉጥና ጥሩ ሳጥን ግዛ እንጂ ተቃራኒውን አታድርግ።

አሁን ወደ ሁለቱ ሽጉጦች እንምጣ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም 9 ሚሊሜትር፣ ሁለቱም የቼክ ሥራ። 75 በ1975 የወጣው ሽጉጥ ነው፣ ቢ የሚለው ፊደል የተጨመረው ሽጉጡ ቢወድቅም እንዳይተኩስ መምቻውን የሚይዝ ብረት ሲገባለት ነው። ፒ-01 ደግሞ ያንኑ አሠራር ይዞ ለቼክ ፖሊስ ተብሎ ያነሰና የቀለለ ነው። 75 ቢ ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል፣ ፒ-01 ወደ 800 ግራም። ሁለቱም ከኋላ የሚታይ መዶሻ አላቸው። መዶሻው ወርዶ ከሆነ የመጀመሪያው ጥይት ረጅምና ከባድ ስበት ይፈልጋል፣ ምላጩ መዶሻውን ወደ ኋላ ጎትቶ ይለቀዋልና። ወደ 4 ኪሎ ተኩል ግድም በል። አምስት ኪሎ የማትሞላ የስኳር ከረጢት በአንድ ጣት እንደማንሳት ነው። ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ስላይዱ (ከሽጉጡ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደው ብረት) ራሱ መዶሻውን ወደ ኋላ ስለሚያስቀረው ቀጣዩ ስበት አጭርና ቀላል ነው፣ ወደ 2 ኪሎ። እስከዚህ ድረስ ልዩነት የላቸውም።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ካቀባበልክ በኋላ ነው። ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አስገብተህ ስላይዱን ስበህ ስትለቅ ጥይት ይጎርሳል፣ መዶሻው ደግሞ ወደ ኋላ ተስቦ ይቆማል። አሁን እጅህ ላይ ያለው በ2 ኪሎ የሚተኩስ ሽጉጥ ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ አይቀመጥም። ታዲያ ምን ታደርገዋለህ?

በ75 ቢ ሁለት መንገድ ነው ያለህ። አንደኛው መዶሻው ወደ ኋላ እንደተሳበ ሴፍቲዋን ወደ ላይ አንስተህ ትቆልፋለህ። አሠራሩ ደህና ነው፣ በደንብ የሠለጠነ ሰው ለዓመታት ይይዘዋል። ሁለተኛው መዶሻውን በእጅህ ታወርዳለህ። ይህ ማለት ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዘህ፣ መዶሻውን በአውራ ጣትህ ገትተህ፣ ምላጩን ሆን ብለህ ስበህ፣ መዶሻውን ቀስ እያልክ መልቀቅ ማለት ነው። ምላጩን የምትስበው ለመተኮስ ሳይሆን ላለመተኮስ ነው። ጣትህ ላይ ላብ ካለ፣ ወይም ልጅ በሩን ከፍቶ «አባዬ» ካለህ፣ መዶሻው አመለጠ ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ ከአጠገቤ ቆሞ እንዲህ ሲያወርድ አምልጦት መሬት መታ። አፈሙዙ ወደ ታች ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ሰውየው ጀማሪ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲኮከር የሌለው ሽጉጥ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ መዶሻ በእጅ ማውረድ አላስተምርም። ጥይቱን አውጥተህ ባዶ አድርገው ነው የምለው።

በ75 ቢ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መዶሻው ከወረደ በኋላ ሴፍቲው አይነሳም። ስለዚህ «መዶሻውን አውርጄ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ሴፍቲ ጨምሬ አስቀምጣለሁ» ብለህ ካሰብክ አይሆንም። ወይ ተስቦ ተቆልፎ፣ ወይ ወርዶ ሳይቆለፍ። ሦስተኛ የለውም።

በፒ-01 ግን ቁልፏን በአውራ ጣትህ ወደ ታች ትጫናለህ፣ መዶሻው በራሱ ይወርድና ግማሽ መንገድ ላይ ይያዛል። ጣትህ ከምላጩ ውጭ ነው። ቁልፏ በሞላዋ (በስፕሪንጓ) ተመልሳ ወደ ቦታዋ ትሄዳለች። በቃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዲኮከር ሽጉጡን አልቆለፈውም። ጥይቱንም አላወጣውም። ምላጩን ብትስበው ይተኩሳል፣ የተለወጠው ስበቱ ከባድ መሆኑ ብቻ ነው።

አሁን አንተን ለይቼ ላናግርህ፣ ማካሮቭ የታጠቀ እጅ ስላለህ። የማካሮቭ ቁልፍ ስላይዱ ላይ ነው፣ ወደ ላይ ስትገፋው ሴፍቲ ይሆናል፣ መዶሻውንም አብሮ ያወርደዋል። ወደ ታች ስትገፋው ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ይህ በዓመታት ውስጥ አጥንትህ ውስጥ ገብቷል። «ወደ ላይ ገፋሁት» ስትል እጅህ የሚሰማው «መዶሻው ወረደ» ነው። 75 ቢ ስትይዝ ወደ ላይ ስትገፋው ግን መዶሻው አይወርድም፣ ወደ ኋላ ተስቦ ይቆያል። ቁልፏ ያለችበት ቦታም ሌላ ነው፣ ከስላይዱ በታች፣ ከእጀታው በላይ። አቅጣጫው አንድ፣ ትርጉሙ ሌላ። እንዲህ ያለ ተመሳሳይነት ጨርሶ ከተለየ ነገር ይብሳል፣ ምክንያቱም እጅህ «አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል።

ቤሬታ 92 ኤፍ ኤስ የሚባለውን ሽጉጥ ካየህ ደግሞ ጨርሶ ይገለበጣል። ቁልፏ እንደ ማካሮቭ ስላይዱ ላይ ናት፣ ግን ወደ ታች ሲሆን ነው ሴፍቲ፣ ወደ ላይ ሲሆን ይተኩሳል። የአሜሪካ ጦር በ1985 ኤም 9 ብሎ የተቀበለው የዚህኑ ቤተሰብ ሽጉጥ ነው። ምርጥ ሽጉጥ ነው፣ ግን ማካሮቭ ለለመደ እጅ አልመክረውም። ስላይዱን ከላይ በመዳፍህ ይዘህ ስትስብ ቁልፏን ሳታውቀው ወደ ታች ልትመታት ትችላለህ፣ ከዚያ ምላጩን ስትስብ ምንም የለም። ዣንዳርመሪ የሚባለው የፈረንሳይ የፖሊስ ኃይል የወሰደው 92 ጂ የሚባለው ዓይነት ቁልፏ ዲኮከር ብቻ ናት፣ ወርዳ አትቀርም፣ በሞላዋ ትመለሳለች።

ምርጫውን ለእኔ የሚወስነው አንድ ነገር ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ከእንቅልፍህ ደንግጠህ ተነስተህ፣ እጅህ እየተንቀጠቀጠ፣ መሳሳትህ አይቀርም። ብትሳሳት ምን ያስከፍልሃል? ሴፍቲ ባለው ሽጉጥ ሴፍቲውን ማውረድ ከረሳህ፣ መተኮስ ባለብህ ሰዓት አይተኩስም። መልሰህ መቆለፉን ከረሳህ ደግሞ በ2 ኪሎ የሚተኩስ ሽጉጥ ይዘህ ልጆችህ ክፍል ትገባለህ። ሁለቱም ስህተት ሰው ይገድላል። በፒ-01 ግን በማካሮቭ ልማድህ ቁልፏን ወደ ታች ብትመታት ምን ይሆናል? መዶሻው ወርዶ ከነበረ ምንም። ተስቦ ከነበረ ይወርዳል፣ ምላጩን ስትስብ ያው ይተኩሳል፣ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። የስህተቱ ዋጋ የጣት ድካም ነው። ዲኮከር ብቻ ባለው ሽጉጥ ላይ የሚያስከፍለው ስህተት አንድ ነው የቀረው፣ ከተኮሱ በኋላ መዶሻውን ማውረድ መርሳት። እሱም በልምምድ የሚስተካከል ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከእኔ የመጣ አይደለም። በ1972 ከሙኒክ ኦሊምፒክ ጥቃት በኋላ የምዕራብ ጀርመን ፖሊስ አዲስ ሽጉጥ ሲፈልግ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ፖሊሱ ለመተኮስ ምንም ሴፍቲ ማንሳት የማያስፈልገው፣ ግን ጥይት ጎርሶ በወገቡ ሲይዘው የማያሰጋ ሽጉጥ ነው። ከዚያ ውድድር ከወጡት ውስጥ ሲግ ፒ 6 እና ዋልተር ፒ 5 ይገኛሉ። ሁለቱም ዲኮከር ያላቸው፣ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የሌላቸው ናቸው። ፖሊስ ስለነበርክ ምን ለማለት እንደፈለጉ ይገባሃል። በጭንቅ ሰዓት ጣት ብዙ ነገር አያስታውስም።

አሁን የዲኮከርን ክፉ ጎን ሳልሸሽግ ልንገርህ። የመጀመሪያው ጥይት ከባድ ነው፣ ሁለተኛው ቀላል። ጣትህ በአንድ ሽጉጥ ሁለት ቋንቋ መናገር አለበት። ሰልጣኞቼ ላይ ሁሌ የማየው ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን በኃይል ሲስቡት አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ጥይቱ ወደ ታች ይሄዳል። ከዚያ በዚያው ኃይል ሁለተኛውን ሲነኩት ሳያስቡት ይተኩሳል። የማካሮቭም የመጀመሪያ ስበት እንደዚሁ ከባድ ስለሆነ አንተ ከሌላው ትቀድማለህ። ባለቤትህ ግን ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ተኩስ ሜዳ ስትሄዱ ካርታውን ሞልታችሁ 10 ጥይት እየደረደራችሁ በቀላሉ ስበት አትጨርሱት። ይህ ልምምድ ሳይሆን መዝናናት ነው። መዶሻው ወርዶ ጀምሩ። አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል። ጣት ከምላጭ ይውጣ። ዲኮከሩን ተጫኑ። እንደገና። በ50 ጥይት 25 ጊዜ የመጀመሪያውን ስበት ትለማመዳላችሁ፣ 25 ጊዜም ማውረዱን። ሁለት ወር በሳምንት አንድ ቀን እንዲህ ከሠራችሁ የመጀመሪያው ጥይት ችግር አይሆንባችሁም።

ቤት ውስጥ ደግሞ በባዶ መለማመድ ይቻላል፣ ጥይት አያስወጣም፣ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ግን ሥርዓት አለው። ጥይቱ በሙሉ ሌላ ክፍል ይሂድ፣ ያውም በር ተዘግቶ። ካርታውን አውጣ፣ ስላይዱን ስበህ ጉሮሮውን (ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ) በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ፣ ባለቤትህም ትይ። የምታነጣጥርበት ቦታ ጥይት የሚያቆም ይሁን። የታውንሃውስ ግድግዳ አያቆምም፣ 9 ሚሊሜትር ጥይት እንዲህ ያለውን ስስ ግድግዳ ሁለት ሦስቱን አልፎ ይሄዳል፣ ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ የጎረቤትህ ልጅ ተኝቷል። አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀምጥና ወደ እሱ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ሳንቲም አስቀምጥ፣ ምላጩን እስከ መጨረሻ ስትስብ ሳንቲሙ ካልወደቀ እጅህ ረግቷል ማለት ነው። 10 ደቂቃ ይበቃል። ሲያልቅ «አልቋል» ብለህ ጮክ ብለህ ተናገርና ሽጉጡን ቆልፍ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» የሚባለው ነገር ነው ጥይት መልሰው ከሞሉ በኋላ ቴሌቪዥን የሚያስመታው።

በሳጥኑ ውስጥ እንዴት ይቀመጥ? እዚህ ላይ አስተማሪ ሁሉ አይስማማም። የእኔን ልንገርህ። ሁለታችሁም እስክትሠለጥኑ ድረስ ካርታው ገብቶ፣ ጉሮሮው ባዶ ሆኖ፣ መዶሻው ወርዶ ይቀመጥ። ስትፈልገው አቀባብለህ ትይዘዋለህ። ከሠለጠናችሁ በኋላ፣ ሳጥኑም ሁሌ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ጥይት ጎርሶ መዶሻው በዲኮከር ወርዶ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ወደ ሳጥኑ ስትመልሰው አውራ ጣትህን መዶሻው ላይ አሳርፍ። ምላጩን የሆነ ነገር ቢይዘው መዶሻው ጣትህን ሲገፋው ይሰማሃል፣ ትቆማለህ። መዶሻ ያለው ሽጉጥ ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚገዛው ግሎክ ይህ የለውም። ግሎክን አልጠላውም፣ አስተምርበታለሁ፣ ግን ከውጭ መዶሻም በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲም የለውም፣ ስበቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ነው፣ ቤቱ ውስጥ ልጅ ላለው አዲስ ተኳሽ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

ስለ ተኩሱ ማግስት ብዙ ሰው አይጠይቀኝም፣ ዲኮከር ዋጋውን የሚያሳየው ግን እዚያ ላይ ነው። እግዚአብሔር አያምጣው እንጂ ተኮስክ እንበል። መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ ቆሟል። ደምህ ይፈላል። ባለቤትህ እየጮኸች ወደ አንተ ትሮጣለች፣ ልጅህ እግርህን ሊይዝ ይመጣል። በዚያ ቅጽበት እጅህ ላይ በ2 ኪሎ የሚተኩስ ነገር አለ። በፒ-01 ጣትህን ታወጣለህ፣ ቁልፏን ትጫናለህ፣ መዶሻው ወረደ። አንድ እንቅስቃሴ ነው። በ75 ቢ ቁልፏን ወደ ላይ ማንሳት አለብህ፣ እሱም አንድ እንቅስቃሴ ነው፣ ነገር ግን መዶሻው እንደተሳበ ነው፣ እሷን ቁልፍ አንድ ነገር ወደ ታች ከነካት ወደነበረበት ተመለሰ። ከዚያ ወደ 911፣ ወደ ድንገተኛ ጥሪ፣ ይደወል። ባለቤትህ አድራሻችሁን በእንግሊዝኛ ሳታስብ እንድትናገር አሁኑኑ አስለምዳት፣ ሰው ሲደነግጥ አፉ የሚፈታበትን ቋንቋ ነው የሚናገረው። ስልኩ ላይ «ባለቤቴ ሽጉጥ ይዟል፣ ይህን ዓይነት ልብስ ለብሷል» ትበል። ፖሊሱ ከመግባቱ በፊት ሽጉጡን አስቀምጠውና ባዶ እጅህን አሳይ። በር ከፍቶ የሚገባው ፖሊስ የቤቱ ባለቤት የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው ሽጉጥ የያዘ ጥቁር ሰው ነው። ይህን በምሬት አልነግርህም፣ በሕይወት እንድትቆይ ነው።

ቤቱን ዞሬ ልፈትሽ አትበል። ፖሊስ የነበረ ሰው ይህ ይቃጣዋል፣ አውቃለሁ። ልጆቹን ወደ አንድ ክፍል ሰብስባችሁ፣ በሩን ቆልፋችሁ፣ 911 እየተናገራችሁ በሩ ላይ ማነጣጠር ነው። ባትሪ መብራት ሳጥኑ አጠገብ ይኑር። ጥላ ላይ አይተኮስም። ሳሎን ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ውኃ ሊጠጣ የተነሳው የ9 ዓመት ልጅህ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ሽጉጡ እስኪመጣ የበሩን ነገር አስተካክል። በሩ ፍሬም ላይ ቁልፉ የሚገባበትን ብረት የያዙት ብሎኖች ብዙ ጊዜ አጫጭር ናቸው። በ3 ኢንች ብሎን ቀይራቸው፣ የግድግዳው እንጨት ድረስ ይገባሉ፣ በአንድ እርግጫ የሚከፈት በር አይሆንም። ጥቂት ዶላር ነው።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው። ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ የሽጉጥ መግዣ ብቃት ፈቃድ ታወጣለህ፣ ቢያንስ የ4 ሰዓት ትምህርትና የጣት አሻራ አለው። ከዚያ ሽጉጡን ስትጠይቅ 7 ቀን ትጠብቃለህ። ከ10 በላይ ጥይት የሚይዝ ካርታ እዚያ ስለማይሸጥ ባለ 10ሩን ነው የሚሰጡህ፣ አይቆጭህ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ቅጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጥያቄ በእውነት መልስ፣ የሐሰት መልስ ከባድ ወንጀል ነው፣ ለግሪን ካርድህም መዘዝ አለው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ጠባቂ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የተሞላ ሽጉጥ መተውም በሜሪላንድ ሕግ ወንጀል ነው። እናትህ ወይም የባለቤትህ እናት ለጉብኝት ቪዛ አውጥተው ሲመጡ ደግሞ የሳጥኑን ቁጥር አትንገሯቸው። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ የጦር መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል።

75 ቢ ለማን ይሆናል ካልከኝ፣ ሴፍቲውን በየሳምንቱ የሚያነሳና የሚያወርድ ሰው አለ። ለዓመታት 1911 ወይም ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የሚባሉትን ባለ ሴፍቲ ሽጉጦች ይዞ የኖረ፣ አውራ ጣቱ ሽጉጥ እንደጨበጠ በራሱ የሚሄድ። ለእሱ 75 ቢ ድንቅ ሽጉጥ ነው፣ የመጀመሪያውም ጥይት ቀላል ስለሆነ በትክክል ያነጣጥርበታል። አንተ ግን ያ ልማድ የለህም፣ ያለህ የማካሮቭ ነው። ባለቤትህም የላትም። እኔ የማይህ ሁለት ሰው የሚጠቀምበት አንድ ሽጉጥ ፈልገህ ነው፣ ስለዚህ ደካማውን እጅ እያሰብክ ምረጥ።

ልብህ አሁንም ወደ ሴፍቲው ካደላ፣ ወይም ባለቤትህ ካልተዋጠላት፣ ሲዜድ ፒ-07ን ጠይቅ። ዲኮከር ተገጥሞለት ይመጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ ሴፍቲ የሚያደርገው ዕቃ አብሮ አለ። በዲኮከሩ ጀምሩ፣ ስድስት ወር ተለማመዱበት፣ ካልተስማማችሁ ታስቀይሩታላችሁ። የሚቀይረውን ግን የሽጉጥ ጠጋኝ ይሥራው፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አይሁን።

ሱቅ ስትሄድ ብቻህን አትሂድ። ባለቤትህን ይዘህ ሂድ፣ ሻጩ ባዶነቱን ፊት ለፊታችሁ ያሳያችሁ፣ ከዚያ በባዶ ምላጩን ለመሳብ ፈቃድ ጠይቁ። ፒ-01ን በሁለት እጇ ትያዝ፣ ሻጩ ወደሚያሳያት አቅጣጫ ታነጣጥር፣ ዲኮከሩን በአውራ ጣቷ ብቻ ትጫን፣ ከዚያ ከባዱን ስበት 6 ጊዜ ሳታቋርጥ ትሳብ፣ በየመካከሉ ስላይዱን እየሳበች ዲኮከሩን እየተጫነች። ስድስተኛው ላይ ሁለቱም እጅ ከረጋ ክፈልና ውጣ። ሦስተኛው ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ወይም ስላይዱን መሳብ ካቃታት፣ አትግዛው። ያን ጊዜ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚባለውን አስይዛት። ስላይዱ ለደካማ እጅ ተብሎ ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ እጀታው ላይ ሲጨበጥ የሚከፈት ሴፍቲ አለው፣ በአውራ ጣት የሚቆለፍ ያለውም የሌለውም አለ። የቱ እንደተመቻት ጻፍልኝ፣ ከዚያ ስለ ጥይቱ እንነጋገራለን።